የፈድሉ ደባል

ተረፋ ሞረዳ ልብስ ሰፊ ነበር። ነቀምቴ ገበያ ዳር፣ በፈድሉ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ከሲንጀር የስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጦ የከተማውን ሱሪ ሲያሳጥርና ሲያስረዝም ኖረ። የካድሬዎቹ ወገብ ከአብዮቱ ወዲህ ምን ያህል እንደሰፋ በእርግጠኝነት የሚያውቅ እሱ ብቻ ሲሆን፣ ምስጢሩንም እንደ ጥሩ ሐኪም ጠብቋል።

ፈድሉ የጉራጌ ሰው፣ እስላም፣ ቀልደኛና ነጭናጫ ነበር፤ ተረፋ የወለጋ ልጅ፣ ጴንጤ፣ ዝምተኛ። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል አብረው ይኖሩ ነበር። ክፍሏ አንድ አልጋ ነበራት። ባልና ሚስት እንደሚዋደዱ ይዋደዱ ነበር፤ ይህን ለመናገር ግን በነቀምቴ አፍ ያለው አልነበረም፣ እነሱም ጭምር። ከተማው፣ ፈድሉ ያላገባው ከንፍገት፣ ተረፋ ያላገባው ከዓይን አፋርነት ነው ብሎ ጉዳዩን ዘጋው። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ጋብቻን ለወንድና ለሴት ብቻ ሰጥቷል፤ እነሱን የሚያውቃቸው የወንጀለኛ መቅጫው ነበር፣ እሱም የሚያውቀው በእስራት ነው።

ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ የቀበሌው ሊቀ መንበር ነገራ ነዋሪ ሊመዘግብ መጣ።

«በቤቱ ማን ማን አለ?»

«እኔና ኦቦ ተረፋ» አለ ፈድሉ።

«ዝምድናችሁ?»

«እሱ ይሰፋል፣ እኔ እነጫነጫለሁ።»

«ጓድ ፈድሉ፣ እዚህ የሚጻፈው ሚስት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ ሠራተኛ ወይም ደባል ነው።»

ፈድሉ ተረፋን አየው። ወንድም ቢሉ ማን ያምናል፤ ሠራተኛ ቢሉ ፈድሉ በዝባዥ ሊባል ነው። «ደባል በለው» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲመሽ «ጓድ ደባል፣ መብራቱን አጥፋ» ይለው ጀመር፤ ተረፋም እየሳቀ ያጠፋ ነበር። ቀልዱ ለዓመታት አላረጀም።

ሰፋሪዎች ወደ አንገር ጉቲን ቆላ ሲመጡ ፈድሉ በጭነት መኪና እየወረደ ጨርቅ ይሸጥላቸው ነበር። ከቆላው ወባ ይዞ ተመለሰ። ተረፋ በእርጥብ ጨርቅ ግንባሩን እያበሰ ከአጠገቡ አልተለየም። ፈድሉ ግን አንድ ማለዳ ሞተ።

እድሩ ድንኳን ተከለ። የፈድሉ የአጎት ልጅ ሸምሱ ከሲሬ ደረሰና የሐዘንተኛው ፍራሽ ላይ ተቀመጠ። ለቅሶ የሚደርስ ሁሉ አስቀድሞ ወደዚያ ፍራሽ ሄዶ «ያጽናህ» ይላል። ተረፋ የፈለገው የፍራሹን ጫፍ ብቻ ነበር።

«ጎረቤት በወዲያ በኩል ነው» አለው ሸምሱ፣ በክፋት ሳይሆን በሥርዓት። «ይልቅ ከሱቁ ለከፈን የሚሆን አቡጀዲ አውጣልን።»

ተረፋ አቡጀዲውን ቆረጠ። ፈድሉ ጠርዙ ክር የሚያወጣ ጨርቅ ሲያይ ቀኑን ሙሉ የሚነጫነጭ ሰው ነበር። ስለዚህ ተረፋ ሲንጀሩ ላይ ተቀምጦ የከፈኑን ዙሪያ ቀመቀመው። እንደዚያ ቀጥ ያለ ስፌት ሰፍቶ አያውቅም።

አስከሬን አጣቢው ሽማግሌ ጨርቁን ሲዘረጉ እጃቸው ጠርዙ ላይ ቆመ።

«ይህን ማን ሰፋው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ልጄ፣ በእኛ ዘንድ ከፈን አይሰፋም። ሰው ያለ ስፌት ነው የሚሄደው።»

«አልጋ ልብስ መሰለው እንዴ?» አለ ሸምሱ። «ሌላ ይቆረጥ።»

ሌላ አልነበረም፤ የቀረው አቡጀዲ አንገር ጉቲን ተሽጦ አልቋል። ጠርዙ ተቆርጦ እንዳይጣል ጨርቁ ያጥራል፤ ፈድሉ ረጅም ነበር። ስፌቱ መፈታት ነበረበት፣ ጨርቁን ሳይቀድ የሚፈታውም ከተረፋ ሌላ አልተገኘም። ቀባሪው ሁሉ ቆሞ እየጠበቀ ተረፋ በምላጭ ጫፍ ክሩን አንድ በአንድ ፈታ። ለፈድሉ እንዲሠራ የተፈቀደለት ሥራ ያ ብቻ ነበር፤ ያም የራሱን ስፌት ማፍረስ። ጨርቁን እንዳያረጥብ ብሎ አላለቀሰም።

ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ ሸምሱን ሲያጽናና፣ ተረፋን ያነጋገረው አንድ መምህር ብቻ ነበር።

«ኦቦ ተረፋ፣ ያቺ ሱሪዬ ደረሰች?»

ብዙም ሳይቆይ ነገራ መጣ። «ምን ላድርግህ» አለ፣ እውነትም ከፍቶት። «ደባል ቤት አይወርስም። ያኔ ወንድም ብላችሁ ቢሆን ዓይኔን እጨፍን ነበር።»

ተረፋ ሲንጀሩን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ አኖ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ወረደ። እዚያ ቀበሌ አዲስ ገቢዎችን የምትመዘግበው ቀለሟ የምትባል ጠና ያለች ሴት ነበረች።

«ባለትዳር ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«አላገቡም ልበል?»

ተረፋ አዎ ለማለት አፉ እምቢ አለው። ቀለሟ ቀና ብላ ፊቱን አየች።

«ባለቤትዎ አርፈው ነው?»

«አዎ» አለ ተረፋ።

«በቅርቡ?»

«በዚህ ወር።»

ቀለሟ ከወንበሯ ተነሣች። ግድግዳው ላይ በሥዕል የተሰቀሉት ሦስቱ የሶሻሊዝም ጺማሞች እያዩዋት፣ በዚያ ቢሮ የማይጠራውን ስም ጠራች። «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ወንድሜ።»

ተረፋ እዚያው አግዳሚ ወንበሩ ላይ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። እሷም መዝገቧን ዘግታ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው አጠገቡ ተቀመጠች። ወረፋ የያዙት ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠበቁ።