ባለ መደገፊያዋ የአባቴ ወንበር

አምባሰል ተዳፋት ላይ ባለችው መንደራችን መደገፊያ ያላት ወንበር አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም የአባቴ ናት። ከሐይቅ ገበያ ገዝቶ፣ በገዛ ትከሻው ዳገቱን አወጣት። ሌላው በዱካና በመደብ ሲቀመጥ እሱ ጀርባውን ደገፍ ያደርግና «አልሀምዱሊላህ» ይላል፤ ያውም ጎረቤት እንዲሰማለት ጮክ ብሎ።

ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ታዲያ ቀበሌው ወንበሯን ይዋሳል። እንግዳ ድንጋይ ላይ አይቀመጥማ! አባቴ ያጉረመርማል፤ ሳይጠየቅ ቢቀር ግን ይታመም ነበር።

ያን ዓመት ፓርላማ የላክነው ተወካይ ሊያወያየን መጣ። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ነገር ሲያጠና ሰነበተ፤ የወንዙን ድልድይ ጥያቄ፤ ወንዛችን ድልድይ የለውም። እህቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ቀኗ ነሐሴ ላይ ይውላል፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው። ያ ወንዝ በክረምት አህያ ከነጭነቷ ይወስዳል።

ተወካዩ በአባቴ ወንበር ተደላድሎ ተቀመጠ። አባቴ ተነሳና ኒካህ ሊያስር የመጣ ይመስል ጉሮሮውን ጠርጎ ጥያቄውን አቀረበ። እኔ በሳቅ ልሞት!

«አባባ፣ ይሄ እኮ የወረዳ ሥራ ነው» አለ ተወካዩ በትሕትና።

የወረዳው ኃላፊ ከጎኑ ነበርና ቀበል አድርጎ፣ «እኛ ፈቃደኛ ነን፤ በጀቱ ግን ከክልል ነው፤ ክልልም ከፌዴራል ይጠብቃል» አለ።

አባቴ ወደ ተወካዩ ዞረ። «ፌዴራሉ አንተ አይደለህም እንዴ ልጄ?»

«እኔማ በሕጉ የመላው ኢትዮጵያ ሕዝብ ተወካይ ነኝ። ለአንድ መንደር ብቻ ብቆም ፍትሐዊ አይሆንም።»

አልዋሸም፤ ሕጉ እንደዚያ ይላል። አባቴ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ወላሂ ጉድ ነው! ወንበር የሰጠን እኛ፣ ቆመን የቀረን እኛ!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ተወካዩም ስቆ ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈ። አባቴ ወንበሯን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሄደ፤ እኔም ክረምቱን ሙሉ «የተከበሩ!» እያልኩ አበሸቅኩት።

ነሐሴ መጣ፤ ድልድዩ አልመጣም። እህቴን ምጥ የያዛት ጠዋት ወንዙ ሞልቶ ያጓራ ነበር። ቀልዴ ሁሉ ጠፋኝ፤ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። አባቴ ወንበሯን አወጣ፣ እህቴን አስቀመጣት፣ ከመደገፊያው ጋር በጋቢው አሰራት። «አብሽሪ ልጄ» አላት። ውኃው ሰፋ ብሎ ወደሚሳሳበት ወርደው አባቴና ሦስት ጎረቤቶቻችን በትከሻቸው አነሷት፤ አንደኛው ቄሱ ናቸው። ውኃው ወገባቸው ላይ ሲደርስ እሳቸው «እመብርሃን!» ይላሉ፣ አባቴ «ያ አላህ!» ይላል። ተሻገሩ። እኔ ወዲህ ማዶ ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እህቴ ሴት ልጅ ወለደች። ጥቅምት ላይ ስብሰባ ተጠርቶ ቀበሌው እንደ ልማዱ ለወንበሯ ሰው ላከ። አባቴ ወደ ጓዳ ዞር ብሎ አየ፤ እህቴ ደገፍ ብላባት ልጇን ታጠባለች።

«ሂድና ንገራቸው» አለው መልእክተኛውን፤ «ወንበሩ ተይዟል!»