በአንዱ ዙር አለች፣ በሌላው የለችም

አገርነሽ በባሕር ዳር በአንድ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበረች። በደርግ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከውጭ በእርዳታ አንድ ኮምፒዩተር ሲመጣ፣ ሥዕሉን በተራ ቴሌቪዥን የሚያሳይ ሳጥን ገጣጥማ የሠራችው እሷ ናት። እኔ ተማሪ ነበርሁ፤ ቁጥር ወደ ሞገድ፣ ሞገድ ተመልሶ ወደ ሐይቅ ሲለወጥ አፌን ከፍቼ አይ ነበር።

እንግዶች ለሚመጡበት ለአብዮቱ በዓል የጣናን ካርታ ሣለች፤ በላዩም ከሐይቁ ማዶ ወዳለችው ወደ ደልጊ የሚሄዱ ሦስት ታንኳዎች። በኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ ጸጥ ብለዋል። በቴሌቪዥኑ ላይ ግን ተንቀጠቀጡ።

የወርክሾፑ ኃላፊ አንዳርጋቸው ሳቀ። «ጓድ አገርነሽ፣ ታንኳዎችሽን ወባ ያዛቸው እንዴ? ነገ እንግዶቹ ፊት እንዲህ ከሆኑ እኛም እንንቀጠቀጣለን!»

«ቴሌቪዥን ሥዕሉን መስመር እየዘለለ በሁለት ዙር ነው የሚሥለው፤» አለች። «ታንኳዎቹ ባንድ ቀጭን መስመር ተሣሉ። በአንዱ ዙር አሉ፣ በሌላው የሉም።»

ዓሣ ልትሸጥ የመጣችው ሀጂራ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ባሏ መስዑድ ከወንድሙ ከኢድሪስና ከሌላ ዓሣ አጥማጅ ጋር በየታንኳቸው ወደ ደልጊ ሲቀዝፍ ማዕበል ለያያቸው፤ ሁለቱ ተመለሱ፣ እሱ ቀረ። ኢድሪስ «ሞቷል፣ ሀዘን ተቀመጪ» ቢላት አሻፈረኝ ብላለች። አገርነሽ ይህን ሁሉ ሳታውቅ ነው ሦስት የሣለችው።

«የኋለኛዋ የመስዑድ ናት፤» አለች ሀጂራ በጣቷ እያመለከተች። «ይኸው እየቀዘፈ ነው።»

«እታለም፣ የመሣሪያው ጠባይ እኮ ነው።»

«አለ፣ ደግሞም የለም ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔስ ሌላ ምን አልሁ?»

አገርነሽ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረች። በሁለቱም ዙር እንዲሣሉ መስመሮቹን ማወፈር ጀመረች። የፊተኛዋ ታንኳ ቀጥ አለች። መካከለኛዋም ቀጥ አለች። ሦስተኛዋ ላይ ስትደርስ ሀጂራ ክንዷን ያዘች።

«ተይ እህቴ! ብታቆሚው ኢድሪስ አፉን ሞልቶ ሞቷል ይለኛል።»

አገርነሽ ታንኳዋን እንደነበረች ተወቻት።

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። አንድ ባለሥልጣን «ያቺ ብቻ ለምን ትንቀጠቀጣለች?» ብለው ጠየቁ። አንዳርጋቸውን ላብ አጠመቀው።

«ጉዞ ላይ ስለሆነች ነው፣ ጓድ፤» አለች አገርነሽ።

እንግዳው በአድናቆት አጨበጨቡ።

ሀጂራ እንዲያይ ካመጣችው ከኢድሪስ ጋር ከኋላ ቆማ ነበር። «አየህ?» አለችው።

«የመብራት ጨዋታ! ሞኝ አትሁኚ፤» ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ። የቆሙትን ሁለቱን ትኩር ብሎ አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት። «የፊተኛዋ የማን ናት?»

«ያን ቀን ከፊት ስትቀዝፍ የነበርኸው አንተ አይደለህ?»

ኢድሪስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የልቡን ምት አዳመጠ።

ከሰዓት በኋላ ሐይቁ መስታወት መስሎ ተኛ፤ አጥማጆቹ ሁሉ ወጡ። ኢድሪስ ግን የራሱን ታንኳ ከውኃው አርቆ ጎትቶ፣ ከታንኳው አጠገብ ተቀምጦ ዋለ። ሀጂራንም «ሀዘን ተቀመጪ» ሁለተኛ አላላትም።