አባዬ በዚያ ቢሮ ውስጥ የተናገረው

ልጅ ሳለሁ በዐረብ ኤሚሬቶች፣ አጅማን ከተማ አል ራሺዲያ ሰፈር፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ሥጋ የሚጠበስበት ምግብ ቤት ባለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። ከመግሪብ ሶላት በኋላ የከሰሉ ጭስ ሽቅብ ወጥቶ በረንዳው ላይ በተሰጣው ልብሳችን ውስጥ ይገባል፤ ዩኒፎርሜ ዓመቱን ሙሉ ጭስ ጭስ ይል ነበር። እናቴ ዱባይ፣ ኡድ ሜታ ካለ ክሊኒክ ከጽዳት ሥራዋ እስክትመለስ፣ አባዬም የሚነዳውን የሥራ መኪና ሻርጃ ካለው መጋዘን አቁሞ እስኪመጣ፣ እኔንና ታላቅ እህቴን ሀያትን የሚጠብቁን እትዬ ሰአዳ ነበሩ።

እትዬ ሰአዳ እንደ እኛው የወሎ ሰው ናቸው። ሻርጃ በሰው ቤት ሃያ ዓመት ሠርተው፣ አሠሪ ማዳማቸው ስትሞት ሳሎናችን ውስጥ በመጋረጃ የተከለለች አንዲት አልጋ ተከራዩ። ሰዉ ቤድ ስፔስ ይለዋል፤ እኛ «የእትዬ ቤት» እንለው ነበር። ተረት ሲጀምሩ የጣራውን ነጭ መብራት ያጠፉና ቻርጅ የምትደረግ ትንሽ ፋኖስ ወለሉ ላይ ያስቀምጣሉ። «ተረት ብርሃን ከበዛበት ያፍራል» ይሉን ነበር። በመስኮቱ ቁልቁል የምግብ ቤቱ ፍም ይታየናል፤ ጠባሹ ሲያራግበው ይቀላና ተመልሶ አመድ ይለብሳል። ያኔ እትዬ ስለ ጅቡና ስለ ቀበሮዋ ሲተርቱልን ሀያት ተነሥታ እንስሶቹን ትሆናለች፤ ታነክሳለች፣ ታዛጋለች፣ ትከሻዋን ትሰብቃለች። እትዬ እስኪያስላቸው ድረስ ይስቁ ነበር። ሀያት አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ እኔ አሥር።

አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ ሀያት ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ባሕር ዳር ልትጫወት ፈለገችና አባዬ ራሱ በመኪና ወሰዳት፤ እኔንም አስከተለኝ። ሦስት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩ። እኔና አባዬ መኪናው ውስጥ ሆነን የተቀቀለ በቆሎ እየበላን እናያቸዋለን። አንዱ ልጅ በስልኩ ዘፈን ከፈተ፤ ሀያት ጫማዋን አውልቃ አሸዋው ላይ እስክስታ ወረደች። ሌሎቹ ከበው አጨበጨቡላት። አባዬ በቆሎውን እንደያዘ «ቁርጥ አክስቷን» አለና ለብቻው ሳቀ።

አንዷ ልጅ ቀርጻ ኖሯል። ቪዲዮው ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር አንዲት ወላጅ ዘንድ ደረሰ፤ እሷም «ተማሪዎቻችሁ ሴትና ወንድ ተደባልቀው ባሕር ዳር ይጨፍራሉ» ብላ ለትምህርት ቤቱ አመለከተች። ያኔ የትምህርት ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ነበርና እሑድ ጠዋት አባዬ ተጠራ።

አባዬ ዐረብኛውን ያንበለብለዋል፤ እንግሊዝኛ ግን አይሆንለትም። ምክትል ርእሰ መምህርቷ ደግሞ ዐረብኛ አትችልም። ስለዚህ እኔን ከክፍል አስጠርተው አስተርጓሚ አደረጉኝ። ሀያትን ኮሪደሩ ላይ ወንበር ሰጧትና በሩ ተዘጋ።

ክፉ ሴት አልነበረችም። ለአባዬ ውሃ አስመጣችለት። «ልጅህ ጎበዝ ተማሪ ናት» አለች፤ ተረጎምኩ። «ነገር ግን የትምህርት ቤታችን ስም በር ላይ አይቀርም፤ ተማሪው በሄደበት ይሄዳል። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ያለው አያገባንም ብንል ወላጆች ነገ ልጆቻቸውን አይሰጡንም።» ይህንንም እንደምንም ብዬ ተረጎምኩ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ ማወቅ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ መሆኑን ነገረችን። «እዚያ እንደሄደች ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር በያት» አለኝ አባዬ። «ያደረስኳት እኔ ነኝ። ቁጭ ብዬ ሳያት ነበር። እዚህ ግቢ ውስጥ የእናንተ ተማሪ ናት፤ አርብ ከሰዓት ግን የኔ ልጅ ናት። ጥፋት ካለ በኔ ይሁን። እኔ ግን ጥፋት አላየሁም።»

ያኔ ስለምንኖርበት አገር የማውቀው ነገር ትንሽ ነበር፤ አባት ሙሽኪላ፣ ችግር ማለት ነው፣ ውስጥ ከገባ መኖሪያ ፈቃዱ ይሰረዛል፣ የእሱ ከተሰረዘ የሁሉም ይሰረዛል። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች እንዲያ ሆነው ሲሄዱ፣ ሶፋቸው ደረጃው ሥር ተጥሎ ሲቀር አይቻለሁ። አባዬ «አውቅ ነበር» ቢል የሚወስዱት መሰለኝ።

«ኖ» አልኩ በእንግሊዝኛ። «አያውቅም ነበር። ይቅርታ ይጠይቃል።»

ሴትዮዋ ጻፈች። አባዬ ብዕሯን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ።

ወደ ክፍሌ ሲመልሰኝ ደረጃው ላይ ቆመ። «ኖ የምትለዋን ቃል እኮ አውቃታለሁ» አለኝ።

እንባዬ መጣ። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«በሰው ፊት ልጄን ውሸታም ናት ልበል?» መሀረቡን አወጣና ፊቴን ጠረገልኝ። «በይ አታልቅሺ። ነገ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይዤ እመለሳለሁ።»

በማግሥቱ ዱባይ፣ አል ሪጋ ሰፈር፣ ሆቴል ውስጥ የሚሠራ ጓደኛውን ይዞ ተመለሰ። ትናንት ተናገረ የተባለው ተጽፎ ጠበቀው። «ትንሿ ፈርታ ነው እንጂ እኔ እንዲህ አላልኩም» ቢልም የሚያምነው አላገኘም። ልጁን ለማትረፍ ቃሉን የሚለውጥ አባት ብዙ አይተዋል።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። ሀያት ያለ ቤተሰብ ዕውቅና ከወንዶች ልጆች ጋር ስለተገኘች ከትምህርት ቤቱ ተሰናብታለች ይላል። እንግሊዝኛውን ያነበበችው ራሷ ነበረች። «ወላጅ አባቷ እንደማያውቁ አረጋግጠዋል» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«አባዬ፣ አላውቅም አልክ?»

እኔ የእትዬን መጋረጃ ይዤ ቆሜያለሁ። አባዬ ወደ እኔ አልዞረም። «ኸላስ፣ በቃ፣ አንዴ ሆኗል» አላትና ጫማውን አድርጎ ወጣ።

ያን ዕለት እንደመሸ እትዬ ሰአዳ ሳንጠይቃቸው ፋኖሷን አበሩ። ሀያት ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች።

«አንድ ሹም ነበር» አሉ እትዬ። «ነጋሪቴ በሚሰማበት ሁሉ ያለ ፈቃዴ የሚስቅ እንዳይኖር ብሎ አወጀ። ሰዉም መሳቅ ሲያምረው ወንዝ ተሻግሮ እየሳቀ ይመለስ ጀመር። ሹሙ ይህን ሲሰማ ትልቅ ነጋሪት አሠራ፤ ድምፁ ወንዙን ተሻገረ። ሰዉ ተራራ ወጣ። ሹሙ ከዚያም የሚበልጥ አሠራ።»

«መጨረሻውስ?» አለች ሀያት። «ነጋሪቱ የማይሰማበት ቦታ አገኙ?»

እትዬ ፋኖሷን ትንሽ ገፋ አደረጉ። «ይህን ተረት ያወሩልኝ እናቴ ናቸው። ሁልጊዜ እዚህ ላይ ሲደርሱ እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅ ነበር። ያኔ ግን ከታች ጠባሹ እሳቱን ሲያራግብ ብቻ ይሰማል።

በዓመት መካከል የሚቀበላት ሌላ ትምህርት ቤት አልተገኘም። አባዬ በየቀኑ ከሥራ ሰዓቱ እየሰረቀ ዱባይም ሻርጃም ያሉ ትምህርት ቤቶችን ለመነ። ወር ሳይሞላ ሀያት ደሴ አክስታችን ዘንድ ተላከች። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ እናቴን አቀፈች፤ እኔን አጥብቃ አቀፈች፤ ለአባዬ እጇን ሰጠችው።

እዚያው ደሴ ተማረች፣ አገባች፣ ወለደች። ለአባዬ በዒድ በዒድ ትደውላለች፤ ደኅንነቱን ጠይቃ ስልኩን ለእናቴ እንዲሰጣት ትነግረዋለች። አንድ ቀን እናቴ «ንገራት እንጂ» ስትለው ከበሩ ኋላ ሰማሁ። «አንዷን ልጅ በሌላዋ ላስነሣ?» አላት። ገብቼ እኔ ልንገራት ማለት ነበረብኝ። አልገባሁም። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ በኋላም እንኳ፣ ስልክ ቁጥሯን ከፍቼ አየውና ነገ እል ነበር። አባዬ ባለፈው ረመዳን ሞተ።

ከቀብሩ ሳምንታት በኋላ ደወልኩላትና ሁሉንም ነገርኳት። ልጆቿ ከኋላዋ ሲጯጯሁ ይሰማኛል።

«አሥር ዓመትሽ ነበር» አለች። ቀጥላም «እሱ ግን ምን ነበር ያለው? በራሱ ቃል ንገሪኝ» አለችኝ።

ነገርኳት።

«ቁጭ ብዬ ሳያት ነበር አለ? ስጨፍር?»

«አዎ። እኔም አብሬው ነበርኩ። ሲስቅ አይቼዋለሁ።»

ስልኩን አልዘጋችውም፤ ግን ከዚያ በኋላ የሰማሁት የልጆቿን ድምፅ ብቻ ነው።

ትምህርት ቤት ከበሩ ውጭ በተማሪ ላይ ሥልጣን ይኑረው አይኑረው ሰዎች ዛሬም በየቢሮው፣ በየሜትሮው ሲከራከሩ እሰማለሁ። ሁለቱም ወገን የሚለው ነገር አለው፤ ሴትዮዋም የራሷ ጭንቀት ነበረባት። እኔ ግን በክርክሩ ገብቼ አላውቅም። እኔ ዘንድ የቀረው የአባዬ ቃል ነው። ለሴትዮዋ እንዳደርስ በአሥር ዓመቴ በአደራ ተሰጠኝ፤ ለሀያት ያደረስኩት እሱ ከተቀበረ በኋላ ነው። ሀያት ከዚያ ወዲህ ትደውልልኛለች፤ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እናታችን ጉልበት እናወራለን። ስለ አባዬ አታነሣም፤ እኔም ላነሣ አልደፍርም።