በአንድ ቺንጋ እስከ አርታ

እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4 የሚባለው ሰፈር ውስጥ ጋራዥ ያለው ዋርሳዬ፣ የሟቹ ባሌ ታናሽ ወንድም፣ ነጯን መኪናዬን በአንድ ቺንጋ፣ በአንድ የሞተር ቀበቶ ብቻ፣ እንድትሠራ ያደረግኳት እኔ ነኝ እያለ እንደሚያወራ ከሦስት ሰው ሰማሁ። አንድ ሰው ቢነግረኝ አልፈው ነበር። ሦስት ሲሆኑ ግን ዝም ማለት ማመን ይመስላል። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው እጽፋለሁ። ስለ ትዳሬና በሰው ቤት ስላሳለፍኩት ዘመን ብዙ አልናገርም፤ እሱ የራሴ ነው። ስለ መኪናዋ ግን የማስቀረው የለም።

መኪናዋ ፈረንሳይ ሠራሽ ናት፤ ዕድሜዋ ከትዳሬ ይበልጣል። እሠራላቸው የነበሩት የውጭ አገር ሰዎች ከጅቡቲ ሲወጡ ለእኔ ትተዋት ሄዱ። ያኔ የመኖሪያ ወረቀት አልነበረኝም፤ ባሌ ነበረው። ሊብሬዋ በእሱ ስም ወጣ። በኋላ ያን ሁሉ ያመጣብኝ ያ አንድ መስመር ስም ነው።

የምተዳደረው በእሷ ነው። ሃያብለ ሰፈር ካለው ቤቴ ምሳ አበስልና ከአገር ቤት የመጡ የከባድ መኪና ሾፌሮች የወደብ ወረፋ ወደሚጠብቁበት ሜዳ እወስዳለሁ። በሙቀቱ ወራት ያ ደረቅ ነፋስ ሲነሳ ክሊማ የሌለው መኪና ውስጥ ወጥ ሜዳው ሳይደርስ ይበላሻል። ክሊማ የምንለው የመኪናውን ማቀዝቀዣ ነው። መጀመሪያ መኪናዋ ክሊማ አልነበራትም፤ ኋላ የገጠመላት ዋርሳዬ ነው። ማሽኑን የሚሸከመውን ብረት ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ በየደው።

ከዚያ ወዲህ ቺንጋ አይበረክትላትም ነበር። ሞተሩ ፊት ላይ ሁለት ቀጫጭን ቺንጋዎች ነበሩ፤ አንዱ የውሃውን ፓምፕና ዲናሞውን ያዞራል፣ ሁለተኛው ክሊማውን። ሁለተኛው በየጊዜው ይንሸራተታል፣ ይጮኻል፣ ይበጠሳል። ሜዳው ላይ ያሉ ሾፌሮች ጩኸቱን ከሩቅ ሲሰሙ ሳህናቸውን ያወጡ ነበር። እንደ ቀልድ ያወሩታል፤ እኔ ግን አልስቅም ነበር። ዋርሳዬ አዲስ ቺንጋ ባስገባ ቁጥር፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ አንዲት ቃል አለችው፦ «እትዬ፣ እግርሽ ከባድ ነው።» ነዳጁን ትረግጪዋለሽ፣ ሴት ያላግባብ ትረግጣለች፣ ቺንጋ ምን ያድርግ ማለቱ ነው። ባሌም አብሮ ይስቅ ነበር። ሞቷልና ይህን እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

ባሌ ሲሞት መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር። የፓምፑ ቺንጋ መንገድ ላይ ተበጥሶ ውሃው ፈልቶ አልቆ፣ ተጎትታ ነው የገባችው። ቺንጋውን ከማዕከላዊ ገበያ ጀርባ ያሉ የመለዋወጫ ሱቆች ሁሉ ፈለግኩት። የእሷ ዓይነት ከመጣ ቆየ አሉኝ። አርባው ባለፈ ማግስት ዋርሳዬ ሽማግሌ ሰብስቦ መጣ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ከባሌ ጋር ዕድሜ ልካቸውን የጅቡቲንና የአገር ቤትን መንገድ የተመላለሱ ሾፌሮች። መኪናዋ የወንድሜ ናት፣ ሊብሬው ይናገራል፣ እሷ ጋ ፀሐይ ላይ ቆማ ዝገት ይበላታል፣ እኔ ግን አድናታለሁ አለ። እኔ ከማን እንዳገኘኋት ሁለቱም ያውቃሉ። ቢሆንም ወረቀት ወረቀት ነው።

ታላቁ ሽማግሌ ብዙ ካሰበ በኋላ እንዲህ አለ፦ «ወረቀቱ የሟቹ ነው። መኪናዋ ግን የሚያስኬዳት ሰው ትሁን።»

ውሉ እንዲህ ተቆረጠ። እስከ ሙት ዓመቱ ጊዜ ተሰጠኝ። ሙት ዓመቱ በሚውልበት የሙቀት ወር፣ ክሊማው በርቶ፣ ሽማግሌዎቹ ተሳፍረው፣ የትም ሳትቆም አርታ ተራራ ላይ ከወጣች ዋርሳዬ ፈርሞ ይለቃታል። መንገድ ላይ ከቆመች ከቆመችበት ቦታ ጎትቶ ይወስዳታል። ዋርሳዬ ቶሎ እሺ አለ። ቺንጋው እንደማይገኝ ከእኔ በፊት ያውቅ ነበር።

መላው የተገኘው እዚያው የሾፌሮች ሜዳ ላይ ነው። ምሳውን በሰው መኪና አስጭኜ በሄድኩበት ቀን አንድ የጃፓን ሚኒባስ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። ጠጋ ብዬ አየሁ። ቺንጋው አንድ ብቻ ነው፤ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ውስጡ ስድስት መስመር ያለው። ፑሊ ከምንላቸው መንኮራኩሮች በአንዱ ላይ፣ በሌላው ሥር እያለ እንደ እባብ ተጠማዞ ሁሉንም ያዞራል። የሚወጥረው ስፕሪንግ ያለው ክንድ አለ፤ ሰው አይነካውም። ሾፌሩን በስንት ጊዜ ትቀይረዋለህ ብዬ ጠየቅኩት። ትዝ አይለኝም አለኝ። ያቺ መልስ ቤቴ እስክደርስ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ከቤቴ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ቶርኖ፣ ብረት የሚቀርጽ ማሽን፣ ያለው አንድ የሶማሌ ሽማግሌ አለ። ወጣትነቱን ድሬዳዋ ስላሳለፈ አማርኛ ይችላል፤ ቃል ግን አያባክንም። ያሰብኩትን ስነግረው አልሳቀም፤ መኪናዋን ቶርኖ ቤቱ አስጎተትናት። ከወደቁ መኪኖች ሰፈር የአንድ የተጋጨ ሚኒባስ ሞተር ፊት ፈልገን አገኘን፤ ፑሊዎቹን፣ ወጣሪውንና ቺንጋውን አቅጣጫ የምታስይዘውን ትንሿን ተሽከርካሪ ፈታን። እሱ የፑሊዎቹን መሀል እየቦረቦረ ለአሮጌዋ ዘንጎች ልክ አደረጋቸው።

ክሊማውን የሚሸከመውን የዋርሳዬን ብረት የፈታን ቀን ባለቶርኖው ሽማግሌ ቀጥ ያለ ማስመሪያ አስደገፈበት። ከዚያ እኔን ጠራኝ። የክሊማው ፑሊ ከሌሎቹ መስመር የጣት ውፍረት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያህል ወጣ ብሎ ነበር። ቺንጋው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንገቱ እየተጠመዘዘ ነው የኖረው።

«ይህን የሠራ ሰው ከሰዓት በኋላ ነው የሠራው» አለ ሽማግሌው። ጫት ከተቃመ በኋላ ማለቱ ነው። በዚህ ከተማ ልባም ሰው የሚለካውን ከቀትር በፊት ይለካል፤ ምርቃናው ሲመጣ ዓይን ሁሉን ቀጥ አድርጎ ያያል። ብረቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ቤቴ አስቀመጥኩት።

አዲሱን መሸከሚያ በጠዋት፣ ክር ወጥረን ሠራን። ክሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ለዓመታት የሰው ቤት መጋረጃ የሰቀለ ዓይን ጠማማ ነገር አያመልጠውም። የቺንጋውን መንገድ ደግሞ ከዚያ ሚኒባስ ላይ አይቼ በካሌንደር ጀርባ ስዬው ነበርና ልክ እንደ ሥዕሉ አዞርነው። ርዝመቱን በሲባጎ ለክቼ፣ ቋጥሬ፣ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ በሲባጎዬ እየሳቀ ስድስት መስመሩን ቺንጋ አወጣልኝ። ስህተቱ ሥዕሉ ላይ ነበር። ሥዕሉን የሳልኩት እኔ ስለሆንኩ ስህተቱም የእኔ ነው፤ ዋርሳዬ ይህንን እንኳ አያውቅም።

ሞተሩን የምናስነሳበትን ቀን ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ዋርሳዬ ጫቱን በብብቱ ይዞ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር መጣ። ሞተሩ ተነሳ። ጩኸት የለም። ቺንጋው ቆሞ የሚዞር እስኪመስል ድረስ ጸጥ አለ። ወንዶቹ ከግራና ከቀኝ ኮፈኑ ሥር አጎነበሱና ለእኔ ቦታ ጠፋ። በገዛ መኪናዬ ተገፍቼ ፊት ለፊት፣ ራዲያተሩ ፊት ያለው ፍርግርግ ጋ ቆምኩ። ባለቶርኖው ክሊማውን ሲያበራ የሙቀት መለኪያው መርፌ መውጣት ጀመረ። ወጣ፣ ወጣ፣ ከቀዩ ደረሰ፤ ውሃው ፈላ። አጠፋነው።

ዋርሳዬ ቀና ብሎ እጁን ጠረገ። ቴስታታው ተሰንጥቋል፣ በቃ፣ የሞተሩ ራስ ካለቀ ሞተር የለም አለ። ጓደኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እትዬ፣ ለአሮጊት የሙሽራ ቀበቶ አስታጥቀሽ ገደልሻት። አሁን ለእኔ ተያት፤ በወግ ትቀበር።»

ሳቁ። እኔ የማስበው ሌላ ነበር። ፍርግርጉ ጋ ቆሜ ሳለ ትኩስ ነፋስ ፊቴን መቶት፣ ሻርፔን ወደ ኋላ ገልብጦታል። ያ ነፋስ ወደ እኔ ሊመጣ አይገባውም። ድሮ ሞተሯ እየሠራ ስትቆም መንገድ ላይ የሚበር ፌስታል ሁሉ ፍርግርጉ ላይ እየመጣ ይለጠፍ ነበር፤ ስንቱን በእጄ እንዳነሳሁ እኔ አውቃለሁ። ማራገቢያዋ ነፋስ የምትስብ ናት፤ አትተፋም።

በማግስቱ በጠዋት አንድ ፌስታል ይዤ ቶርኖ ቤቱ ሄድኩ። ሽማግሌውን አስነሳልኝ አልኩት። ፌስታሉን ፍርግርጉ ፊት ስለቀው ወደ መንገዱ በረረ። አንስቼ ወደ እሱ አሮጌ ፒካፕ ወሰድኩት፤ አስነሳ፣ ለቀቅኩት፣ ጥብቅ ብሎ ተለጠፈ። ሽማግሌው ፌስታሉን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ ጠመኔ አምጥቶ በፓምፑ ፑሊ ላይ ምልክት አደረገና ሞተሩን በእጁ ቀስ ብሎ አዞረ። ምልክቱ ወደ ተቃራኒው ሄደ።

ነገሩ ቀላል ነበር። የሚኒባሱ ፓምፕ በቺንጋው ጀርባ፣ በለስላሳው በኩል እየተነካ እንዲዞር የተፈጠረ ነው። ቺንጋ በሆዱ ሲነካ ወዲህ ያዞራል፣ በጀርባው ሲነካ ወዲያ። የእኛዋ አሮጊት ፓምፕ ደግሞ የተሠራችው በሆዱ እንድትዞር ነው። የሌላ ሞተር መንገድ ገልብጠን ሰጥተናት ፓምፗም ማራገቢያዋም ወደ ኋላ ይዞሩ ነበር። ውሃው ራዲያተር አይደርስም፣ ማራገቢያዋ የመጣውን ነፋስ ትመልሳለች። ቴስታታው ምንም አልሆነም።

«አራት ወንድ ከላይ ሲያይ» አለ ሽማግሌው፣ «አንቺ ከፊት ቆመሽ አገኘሽው።» እኔም ከዚያ የበለጠ ምስጋና ከወንድ አፍ ሰምቼ አላውቅም።

ትንሿን ተሽከርካሪ ቦታዋን ቀየርን፣ ለፓምፑ መስመር ያለው ፑሊ ቆረጥን፣ ቺንጋው በሆዱ እንዲያቅፋት አደረግን። ሲባጎዬን እንደገና ለክቼ፣ እንደገና ቋጥሬ፣ ያው ባለሱቅ ጋ ሄድኩ፤ በዚህኛው ጊዜ አልሳቀም። ስናስነሳት መርፌው መሀል ላይ ወጥቶ እንደተቸነከረ ቀረ። ፌስታሉን ለቀቅኩት፤ ተለጠፈ። ለዋርሳዬ አልነገርኩትም። ቴስታታዋ ተሰንጥቋል እያለ ለካርቲየ 4 ሁሉ ሲያወራ ሰማሁ፣ ተውኩት። ሆን ብዬ ነው።

ሙት ዓመቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ሽማግሌዎቹን ጠራሁ። ታላቁ ከጎኔ ተቀመጠ፣ ሌላው ከኋላ። ዋርሳዬ የመጎተቻ ገመድ ትከሻው ላይ ጠምጥሞ መጣ፤ ለሰው እንዲታይ አድርጎ ነው የያዘው። ገመዱን ከኋላ ጭነን እሱም ከኋላ ተቀመጠ። እስከዚያን ቀን በእኔ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም።

ነፋሱ አሸዋ ያነሳል፤ የከባድ መኪኖቹ ሰልፍ አይታይም ነበር። ክሊማውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ዋርሳዬ በሁለቱ ወንበሮች መሀል አንገቱን አስግጎ መርፌውን ይጠብቃል፤ ትንፋሹ ጆሮዬ ሥር ነው። ሜዳውን ስናልፍ ሾፌሮቹ አላወቁንም፤ ጩኸት አልነበረማ። ዳገቱ ሲጀምር በሁለተኛ ማርሽ ያዝኩት። መርፌው ትንሽ ተነቃነቀ፤ ልቤም አብሮት ወጣ። ከዚያ ተመልሶ መሀል ላይ ቆመ።

ከዳገቱ አጋማሽ ላይ ታላቁ ሽማግሌ ጉልበቱን እያሻሸ ክሊማውን ብትቀንሺው፣ ቀዘቀዘኝ አለ።

«አባባ፣ ውሉ ክሊማው እንደበራ ነው» አልኩት። ሽማግሌው ጋቢውን ጉልበቱ ላይ ጣል አደረገ።

«አጥፊው እትዬ፣ ማንም አይጠይቅሽም» አለ ዋርሳዬ ከኋላዬ። በደግነት ይሁን በተንኮል ዛሬም አላውቅም፤ ለማወቅም አልደከምኩም።

«እግሬ ከባድ ነው» አልኩት፣ «ይዤው ልውጣ።»

አርታ ደረስን። ነፋሱ እዚያ ሌላ ነው፣ ልብስ ያስደርባል። ሞተሩን ሳላጠፋ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሽማግሌዎቹ የሚያዩት ነገር ስላልነበረ ወደ ባሕሩ ዞሩ። ዋርሳዬ ግን መካኒክ ነው፤ ይህን አልክደውም። ዓይኑ ቺንጋውን ከሥር ጀምሮ ተከተለው፣ ፓምፑ ጋ ሲደርስ ቆመ። ቴስታታው እንዳልተሰነጠቀ ያኔ ገባው።

«የቺንጋውን መንገድ ማን ነው የቀየረው?» አለ፣ በቀስታ።

ከኋላ በጋዜጣ የጠቀለልኩትን ብረት አወጣሁና እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ይሄ ያንተ ነው» አልኩት። «ማስመሪያ አስደግፍበት። ቺንጋ ሲበላ የኖረው እሱ እንጂ እግሬ አይደለም።»

ብረቱን አገላብጦ አየው። ማስመሪያ አላስፈለገውም። ከዚያ ታላቁ ሽማግሌ ወረቀቱን ሰጠው፤ መኪናዋ ጣሪያ ላይ ዘርግቶ ፈረመ። ሞተሩ እየሠራ ስለነበር ፊርማው ትንሽ ተንቀጥቅጧል፤ ምክንያቱ ሞተሩ ነው እንበል።

ስንመለስ ዋርሳዬ ካርቲየ 4 መግቢያ ላይ ብረቱን ይዞ ወረደ፤ ገመዱን ረሳው። ይኸው እስከ ዛሬ ለመውሰድ አልመጣም። መኪናዋን እሱ ሠርቷት ከሆነ ቤቴን ያውቀዋል፣ መጥቶ ገመዱን ይጠይቅ። ግቢዬ ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወጥሬ ልብስ አሰጣበታለሁ፤ ጠንካራ ነው፣ ቀጥ ብሎም ተወጥሯል።