ወንበራችሁን አዙሩ

በከተማችን በሄግላንድ ከፊት የሚቀመጥ ሬሳ ብቻ ነው። እሱም ወዶ አይደለም፤ ተሸክመው ነው የሚያስቀምጡት። ሌላው ሰው በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በከተማው ስብሰባ፣ በልጁ ምረቃም እንኳ ቢሆን፣ በሩ አጠገብ ያለውን የመጨረሻ ረድፍ ካላገኘ የተቀመጠ አይመስለውም። ከፊት መቀመጥ «እዩኝ» ማለት ነው። «እዩኝ» ያለ ሰው ደግሞ እኛ ዘንድ እስኪቀበር ድረስ ይታማል። ቅድመ አያቶቻችን ከኖርዌይ ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ ይዘው የመጡት ዕቃ በአንድ ሣጥን ያልቅ ነበር፤ ይህችን ዐመል ግን አልረሷትም።

ስለ አልቪና ብራተን ለመናገር ከዚህ መጀመር አለብኝ፤ የታገለችው ከዚሁ ጋር ነውና።

አልቪና የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነበረች። ዛሬ ሆዱን አስቀድሞ የሚራመደው የከተማችን ጎልማሳ ሁሉ በልጅነቱ በእሷ አውቶቡስ ተመላልሷል። ረጅም ናት፣ ከሲታ፣ ቃል የምትቆጥብ፤ በረዶ ቢወርድም ባይወርድም የሟች ባሏን ኮፍያ ከራሷ አታወርድም። ልጆቹ ያኔም ወደ ኋላ ነበር የሚሮጡት። ከጀርባዋ ያለው ወንበር ለታመመ ወይም ለተቀጣ ልጅ ብቻ የተተወ ነበር። «እኔ እኮ አልናከስም!» ትላለች በመስተዋቱ እያየቻቸው። ማንም ንቅንቅ አይልም።

አንድ ቀን ኮሌጃችን ለአንድ በዓል ከቺካጎ የጠራቸውን አራት ሙዚቀኞች ከአውሮፕላን ማረፊያ እንድታመጣ ላኳት። ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ከቫዮሊን ከፍ የሚል ቪዮላ፣ አንድ በጉልበት መካከል አቁመው የሚጫወቱት ትልቁ ቼሎ። መንገድ ላይ እህል የጫነ ባቡር ሐዲዱ መሻገሪያ ላይ ተበላሽቶ ቆመ፤ ጫፉና ጅራቱ አይታይም። ሙዚቀኞቹ ተሰላቹ። በመጨረሻ የመጀመሪያዋ ቫዮሊን ተጫዋች፣ ኢሎና የምትባለው ቀጭን ሴት፣ «ታዲያ ዝም ብለን ከምንቀመጥ እንለማመድ» አለች። ሣጥኖቹ ተከፈቱ።

አልቪና ያንን ቀን ስትተርክልኝ ሁልጊዜ እጆቿን መሪ እንደ ያዘ ሰው ትዘረጋለች። «ሞተሩን አጥፍቼዋለሁ» ትላለች። «ግን አውቶቡሱ ይንቀጠቀጥ ነበር። መስተዋቶቹ፣ መሪው፣ የተቀመጥኩበት ሳይቀር። በክንድ ርቀት ነበሩ። ከመጀመራቸው በፊት አራቱም አንድ ላይ ሲተነፍሱ ሰማሁ። ስማ፣ ማንም አልመራቸውም! አንዱም ‹ጀምሩ› አላለም! ተነፈሱና ሆነ።»

ባቡሩ ተጠግኖ ሄደ። መንገዱ ተከፈተ። ከኋላ የተሰለፈው መኪና ሁሉ ጥሩንባውን ነፋ። በሥራ ዘመኗ አንድም ቀን አርፍዳ የማታውቀው አልቪና ሙዚቃው እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰችም።

ከዚያ በኋላ ኮሌጁን እንደ ጥርስ ሕመም ያዘችው። እነዚያ አራቱ በዓመት ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ፣ በየወሩ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጥተው እንዲጫወቱ ፈለገች። መልሱ ምን እንደነበር ታውቁታላችሁ። እንዲህ ያለው ሙዚቃ ለትልቅ ከተማ ነው፤ የእኛ ሕዝብ አይገባውም፤ እዚህ የምናስተምረው ብየዳና ነርስነት ነው። ብየዳ ንቄ አይደለም፤ ዕድሜ ልኬን የበላሁት በብየዳ ነው። ግን ብረት የሚበይድ ሰው ጆሮ የለውም ያለው ማነው? ቀኑን ሙሉ አዛውንት ስታገላብጥ የዋለች ነርስ ነፍስ የላትም ያለው ማነው? ይህን የሚሉት እኮ ብዙ የተማሩት ናቸው። አልቪና አልተከራከረችም። እየሄደች በራቸው ላይ ተቀመጠች፤ እሺ እስኪሏት ተቀመጠች።

እናም ተጀመረ። የኮሌጁ የመመገቢያ አዳራሽ ጠረጴዛዎቹ ተነሥተው ወንበር ይደረደርበታል፤ ከፊት ለፊት ምንጣፍ የለበሰ ዝቅተኛ መድረክ አለ፤ በሩ ከኋላ ነው። ሙዚቀኞቹ ቅዳሜ መጥተው በየሰው ቤት ያድራሉ። ሙዚቃው ሲያልቅ በድንች ተሸፍኖ በምድጃ የበሰለ ሥጋ፣ ኬክ፣ ውሃ ውሃ የሚል ቡና ይቀርባል። የመጨረሻዋን የኬክ ቁራሽ የሚያነሣ የለም፤ አንዱ ግማሿን ይወስዳል፣ ሌላው የቀረችውን ግማሽ፣ በመጨረሻ ሳሕኑ ላይ ለወፍ የምትበቃ ፍርፋሪ ትቀራለች። እኛ እንዲህ ነን።

ሕዝቡም መጣ። በየወሩ ይመጣል፣ አይቀርም። ግን የት ይቀመጣል? ከኋላ! ተጨናንቆ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ፣ ካፖርቱን ጭኑ ላይ አድርጎ። በእሱና በመድረኩ መካከል ባዶ ወንበር እንደ ታጨደ ማሳ ተዘርግቷል።

በመጋቢቱ ዝግጅት ማግሥት የኮሌጁ ዲን ግራንት ዌለር አልቪናን አስጠራት። ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብስ፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነው፤ ክፋት የሌለባቸው ናቸው ብዙ ነገር የሚያጠፉት። ከመድረኩ ላይ ሆኖ ያነሣውን ፎቶግራፍ አሳያት።

«ይመልከቱ ወይዘሮ ብራተን። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። ሕዝቡ ተናግሯል።»

«ሕዝቡ ምንም አልተናገረም» አለች። «ሕዝቡ ተቀምጧል።»

«የት?»

«ከኋላ ነዋ።»

«ቢወዱት ኖሮ ይጠጉ ነበር። እኔም አዝናለሁ፤ ግን ሚያዝያ የመጨረሻው ይሁን።»

ይህስ ባልከፋ። የከፋው ኢሎናም እንደ ዲኑ ማሰቧ ነው። የዚያን ዕለት ማታ አልቪና ስትደውልላት ድምፅዋ ደክሞ ነበር።

«አልቪና፣ አታባብዪኝ። በሽታ ያለብን ይመስል ሸሽተውን ነው የሚቀመጡት። ኦሪን የሚሉትን ገበሬ፣ ያንን ግዙፉን፣ ‹ዛሬ እንዴት ነበር?› ብዬ ጠየቅሁት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ከዚህ የባሰም ሰምቼ አውቃለሁ።›»

«ኦሪን? ኦሪን እንዲህ አለሽ?»

«አዎ! ፊቴ ቆሞ!»

«ኢሎና፣ የኔ እኅት፣ ይህ እኮ ከእሱ አፍ ትልቅ ምስጋና ነው፤ ሚስቱን ሲያገባ እንኳ ይህን ያህል አልተናገረም!»

ኢሎና ሳቀች፤ ግን አላመነችም። ሰው የማይሰማውን ለመጫወት ያን ሁሉ መንገድ መመላለስ ሰልችቷታል። «በሚያዝያ መጥተን እንሰናበታለን» አለች። ሁለቱ ጫፎች፣ ከዚህ ዲኑ፣ ከዚያ ኢሎና፣ ስለ እኛ አንድ ዐይነት ውሸት አምነው ነበር። ውሸቱን ያስተማርናቸው ደግሞ እኛው ነን። ይህ ነው ዛሬም የሚያንገበግበኝ! አንድ ነገር ልባችንን ሲነካው ፊታችንን እንደ በር እንዘጋለን፤ ከዚያ ማንም አላንኳኳም ብለን እናዝናለን።

አልቪና ቤት ለቤት ዞረች። «ከፊት ተቀመጡ» ብላ ለመነች። በሕይወቷ ማንንም ምንም ለምና የማታውቅ ሴት። ሁሉም «እናያለን» አሏት፤ «እናያለን» እኛ ዘንድ «አይሆንም» ማለት ነው። ኦሪን ግን ትንሽ ተጨነቀ።

«ከፊት ብቀመጥ ሰው ምን ይለኛል?»

«ምን ይልሃል? ከፊት ተቀመጠ ይልሃል!»

«አየሽ!» አላት።

የሚያዝያው እሑድ ደረሰ። የኖታ ማስቀመጫዎቹ እንደ ወትሮው መድረኩ ላይ ቆመዋል። እኛም እንደ ወትሮው ገባንና ከኋላ ተጠቀጠቅን። የመጨረሻው ረድፍ ሞልቶ ኦሪን እንደ ልማዱ በሩን ተደግፎ ሊቆም ነበር፤ አልቪና ግን ያን ቀን ወንበር ስትደረድር ከኋላችን የተወችውን ሰፊ ባዶ ቦታ እንዳያጣብብ እኔ ጎን ሌላ ወንበር ጨምራ ገፍታ አስቀመጠችው። ዲኑ መድረኩ ላይ ወጥቶ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። «የተከበራችሁ የሄግላንድ ነዋሪዎች» ብሎ ሲጀምር ከኋላችን በሩ ተከፈተ።

አራቱ ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን፣ ሌላ የኖታ ማስቀመጫና የሚቀመጡበትን ወንበር ተሸክመው ገቡ። ወደ መድረኩ አልሄዱም። እዚያው በሩ ሥር፣ ከመጨረሻው ረድፍ ጀርባ፣ ግማሽ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። አልቪና አጠገባቸው ቆመች። ኮፍያዋን አወለቀች።

«ወንበራችሁን አዙሩ» አለች።

እርስ በርስ ተያየን።

«ኦሪን! ወንበርህን አዙር ብያለሁ!» ያ የአውቶቡሱ ድምፅ ነበር።

ኦሪን አዞረ። ከዚያ ሁላችንም እየተጋጨንና ይቅርታ እየተባባልን አዞርን። ቀና ስንል ከፊት ነን። መሸሽስ? እንግዳ ፊት ለፊትህ ተቀምጦ ተነሥተህ መሄድ በሄግላንድ ከፊት ከመቀመጥ የበለጠ ነውር ነው። በገዛ ጨዋነታችን ታሰርን። ዲኑ ከወዲያ ማዶ፣ መድረኩ ላይ፣ ማጉያውን እንደ ያዘ የሰማኒያ ሰው ማጅራት እያየ ቀረ።

ያኔ ተነፈሱ። አልቪና እንዳለችው፤ አራቱም፣ አንድ ላይ። ሰማሁት። ከዚያ ደጋኖቹ አውታሩን ነኩ።

ምን ብዬ ልጻፈው? ከኋላ ሆነን ስንሰማው የኖርነው ሙዚቃ የሙዚቃ ጥላ ነበር። ይሄ አካል ነበረው። እንጨቱ ሲያቃስት፣ ጣት አውታር ላይ ሲያርፍ፣ ኢሎና ቅንድቧን ስታነሣ ቪዮላ ተጫዋቿ እንደ ተጠራች ሴት ዞር ስትል አየን። አንዱ የጀመረውን ሌላው ይቀበለዋል፤ አይነጣጠቁም፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ከሥሩ ይገባል። መንግሥት እንዲህ ቢሆን፣ ጋብቻ እንዲህ ቢሆን ብዬ አሰብሁ፤ ከዚያ ማሰቤንም ተውሁት።

የዝግተኛው ክፍል መጀመሪያ ላይ ቼሎው ከዳ። መድረኩ ምንጣፍ ነበረው፤ ይሄ ወለል በሰም የተወለወለ ነው። የቼሎው የብረት እግር ሸርተት አለ። ተጫዋቹ በጉልበቱ ሳበው፤ መልሶ ሸርተት አለ። ሰውየው ላብ አጠመቀው፤ ደጋኑን ማቆም አይችልም፤ ቢያቆም ሦስቱም ይቆማሉ።

ኦሪን ማንንም አልጠየቀም። ወንበሩ ላይ ወደ ፊት ፈቀቅ አለ፤ ያንን ታላቅ የሥራ ጫማውን ዘረጋና ጫፉን ከብረቱ ፊት ደቀነው። ቼሎው ቆመ። ኦሪንም በዚያው እግሩን እንደ ዘረጋ ቀረ።

እኔ ጎኑ ነበርሁ። ቼሎው ወደ ታችኛው ድምፅ ሲወርድ ኦሪን ደነገጠ፤ በጫማው በኩል ገብቶበታል። መጀመሪያ እግሩን አየ። ከዚያ ዐይኑን ጨፈነ። ከብቱ በሳምባ በሽታ ሲያልቅበትም፣ ሚስቱ ስትቀበርም ያልፈሰሰው እንባ በጉንጩ ወርዶ ጺሙ ውስጥ ገባ፤ አልጠረገውም፤ እጁን ቢያንቀሳቅስ እግሩ የሚነቃነቅ መስሎት ይሆናል። ኢሎና ከደጋኗ በላይ ታየው ነበር። እየተጫወተች፣ ዐይኗን ሳትነቅል ታየው ነበር።

ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም። እጃችን የት እንዳለ ጠፍቶን ነበር። ኋላ ግን ትዝ አለን።

ኢሎና ወደ ኦሪን ሄደች። «ዛሬስ እንዴት ነበር?»

ኦሪን እግሩን ሰበሰበ። ደንዝዞበት ስለነበር በእጁ አሸው።

«ከዚህ የባሰ ሰምቼ አውቃለሁ» አለ።

ኢሎና በአዳራሹ ሁሉ ፊት አንገቱን አቅፋ ሳመችው፤ ሰውየው እንደ ቲማቲም ቀላ። ከዚያ ወደ አልቪና ዞራ «በጥቅምት ለቼሎው ምንጣፍ እንዳታመጪ» አለቻት። አልቪና ኮፍያዋን መልሳ አጠለቀችና እስከ ቅንድቧ ጎተተችው።

ዲኑ የኬኩ ጠረጴዛ ጋ አገኛት። ከመድረኩ ወርዶ ከባዶዎቹ ወንበሮች በአንዱ፣ ከሁሉም በስተጀርባ ነበር የተቀመጠው።

«ወይዘሮ ብራተን፣ እኔ እኮ ከዚያ ሆኜ በደንብ አልሰማሁም።»

«አዎ» አለችው። «ከዚያ አይሰማም።»

ሳሕኑ ላይ ቀርታ የነበረችውን የመጨረሻ ቁራሽ አየ። ከዚያ «በጥቅምት ቀደም ብዬ እመጣለሁ» አለ።

በጥቅምት ቀደም ብሎ መጣ። ኦሪን ግን ቀድሞታል። ጫማውን ወልውሎ፣ ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ፣ ቼሎው ገና ከመኪና ሳይወርድ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር።