የቅጥነት ስሞች

አባዬ የአረብኛ አስተማሪ ነው። ተማሪዎቹ «መርፌ» ይሉታል፤ ቀጭንነቱ የጥንት ነው። እሱ ግን ቅር አይለውም። «አረብኛ ለቅጥነት ስም አያጥረውም» ይላል ጠመኔውን እያወዛወዘ። «ጨርቅ ሲሳሳ ረቂቅ ነው። በተፈጥሮው ቀጭን የሆነ ሰው ነሒፍ ነው። በሽታ ያከሳው ደግሞ ሀዚል ይባላል። እኔ ነሒፍ ነኝ፤ አታምታቱ!»

ዘንድሮ ግን ነሒፍነቱ አላማረንም። ይበላል፤ እንዲያውም የእኔን ድርሻ ጭምር ያጸዳል። የበላው የት እንደሚገባ እንጃ። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰውን በዓይኗ ነው የምትለካው። ከሁላችንም ቀድማ አወቀች። ግን ሆድ ይፍጀው ብላ፣ እሱ ትምህርት ቤት ሲውል የሱሪዎቹን ወገብ እያጠበበች ወደ ቦታቸው ትመልሳለች። እኔም አይቼ ዝም አልኩ። አባዬ በበኩሉ ሱሪው ልክክ ስለሚልለት ኪሎው ያልቀነሰ መስሎት ተዝናና። እንዲህ ያለ ጅልነት ከልብስ ሰፊ ቤት በቀር የት ይገኛል?

አንድ ማለዳ በረደውና ከቁም ሳጥኑ ሥር የከረመውን የሱፍ ሱሪ አውጥቶ ለበሰ። እማዬ ያንን ረስታዋለች። ቀበቶ ደግሞ ድሮም አይወድም። ሰሌዳ ላይ ሊጽፍ እጁን ሲያነሳ ሱሪው ወረደ! በአንድ እጁ ወገቡን ይዞ በሌላው እየጻፈ ትምህርቱን ጨረሰ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሱም አብሮ ሳቀ።

ቤት ሲገባ ግን አልሳቀም። ሌሎቹን ሱሪዎች ገልብጦ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበውን የስፌት መስመር በጣቱ ዳሰሰ። እማዬ ማሽኗ ላይ እንዳቀረቀረች፣ «እንዳትደነግጥ ብዬ ነው» አለች። ምሳ እንኳ ሳንበላ ሐኪም ቤት ሄድን።

ሐኪሟ የደም ምርመራውን አይታ፣ «አንገትዎ ላይ ያለው ዕጢ ከመጠን በላይ እየሠራ የሚበሉትን ሁሉ ያቃጥላል። በመድኃኒት ይስተካከላል» አለችው።

«እኔ ጡረታ ልወጣ ስል እሱ ትርፍ ሰዓት ይሠራል!» አለ አባዬ። እኔ ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ።

ስንመለስ መንገድ ላይ የእማዬን ክንድ ያዘ።

«ለካ ሀዚል ነበርኩ» አለ።

«አሁንማ ታወቀ፤ ትድናለህ።»

«ከእንግዲህ ሱሪዬ ሲሰፋኝ ንገሪኝ። ብቻሽን አትፍሪ፤ አብረን እንፍራ።»