ጋሼ በላይ መብራቱን የሸፈኑ ለት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እዚሁ ስቶክሆልም ያደገች ሳራ የምትባል ልጅ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቀችኝ። ከባሏ ጋር በመኪና ወደ እንግሊዝ ሊሄዱ ነው። እዚያ የሚነዳው በግራ ስለሆነ የፊት መብራቱ ላይ የሚለጠፍ ነገር ግዙ ተብለዋል። «ሞስተ ማን፣ እትዬ ጽጌ?» አለችኝ፤ የግድ ነው ወይ ማለቷ ነው። ቀለል አድርጌ ልመልስላት ስል የራሴ የእንግሊዝ ጉዞ ትዝ አለኝ።

ያኔ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁም ዓመት አልደፈነም። እንግሊዝ የምትኖረው አብሮ አደጌ ሴት ልጅ ወልዳ የክርስትና እናት እንድሆን ቃል አስገብታኛለች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ቀኑ ለማንም አይጠብቅም። አውሮፕላን እንዳልሳፈር አጎቴ ጋሼ በላይ አብሬሽ ካልሄድኩ አሉ፤ እሳቸውን ደግሞ በጆሮ ሕመም ምክንያት ሐኪም ከበረራ ከልክሏቸዋል። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸውና እምቢ አይባሉም።

ጋሼ በላይ አገር ቤት ሠላሳ ዓመት የክፍለ ሀገር አውቶቡስ ነድተዋል። ስዊድን ከመጡ ወዲህ ግን ሃሉንዳ ካለው ቤታቸው መስኮት ሆነው የሰው መኪና ሲቆምና ሲነሣ ከማየት በቀር መሪ ጨብጠው አያውቁም። ከስቶክሆልም ወጥተን ዴንማርክ እስክንደርስ ቀኝ እግራቸው የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ዋለ። ኅዳር ነው፤ ጾመ ነቢያት ገብቷል። ቆሎ እየቆረጠምን፣ ከቴርሞስ ሻይ እየቀዳን፣ ዝናብ ያጠቆረውን እርሻ አቋርጠን ሄድን።

ወደቡ ላይ የመርከብ ወረፋ ስንጠብቅ ተለጣፊዎቹን አወጣሁ። የእኛ መኪና መብራት በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራ ነው፤ ብርሃኑ በቀኝ በኩል ወደ መንገዱ ዳር ከፍ ይላል። በግራ ሲነዳ ግን ያው ከፍ ያለው ብርሃን ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። ተለጣፊው ይህን ክፍል መሸፈኛ ነው።

«አምጪው ወዲህ» አሉ ጋሼ።

«ወረቀቱ ላይ ሥዕል አለ፣ ጋሼ።»

«ሥዕል! ሊማሊሞን በአንድ መብራት የወረድኩ ሰውዬ ከሥዕል ልማር?»

የመብራቱን መስተዋት በመሐረባቸው ወለወሉ፤ እስትንፋሳቸውን እፍ ብለው ደግመው ወለወሉ። ከዚያ አንዱን ወደ ቀኝ፣ ሌላውን ወደ ግራ፣ እንደ ሁለት ቅንድብ ፊት ለፊት አድርገው ለጠፉ። ሲታይ ያምራል። ሥዕሉ ግን ሁለቱም በአንድ ወገን ይሁኑ ነው የሚለው። አየሁት። ልናገር ስል ቀና ብለው ሳቁልኝ፤ ስዊድን ከገቡ ፊታቸው እንዲያ ፈክቶ አላየሁም።

«እጅዎ ይባረክ» አልኩና ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት።

በማግስቱ ቀትር ላይ እንግሊዝ ደረስን። ክርስትናው በነጋታው ማለዳ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ቀኑ ደንገዝገዝ አለ፤ አሥር ሰዓት ላይ ጨለመ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ያካፋል፣ ሁሉ ነገር የተገላበጠ ይመስላል። ከፊት የመጣ መኪና መብራቱን ብልጭ አደረገብን።

«ትራፊክ አለ ማለቱ ነው፤ ቀስ በይ» አሉ ጋሼ። አገር ቤት ሹፌር ለሹፌር እንዲያ ይነጋገራል። ቀስ አልኩ። ሁለተኛው ብልጭ አደረገ። አምስተኛውም።

«ይሄ ሁሉ ትራፊክ ከየት መጣ፣ ጋሼ?»

«እንግዲያስ ሰላም እያሉን ነዋ! ሰው አክባሪ አገር ነው።»

እኔ ግን መብራታችን መሆኑን አውቄዋለሁ። ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ ሁለት ጊዜ ቃሉ ጠፋብኝ። አንድ መታጠፊያ ላይ ትንሽ መኪና መጣች። መንገዷ እንደጠፋት ሁሉ ወደ እኛ አዘነበለች፤ ጥሩንባዋ ጮኸ፤ ጎማዋ የዳሩን ሣር ረግጦ ተመለሰና ለጥቂት አለፈችን። ያገኘሁት የመጀመሪያ ነዳጅ ማደያ ገብቼ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። አንደኛው መብራት ሰው እያሳወረ ነው። ሥዕሉን አይቼው ነበር።»

በሩን ከፍተው ወረዱ። ካፊያው ውስጥ ከመኪናው ፊት ራቅ ብለው፣ መሪ እንደያዘ ሰው ቁመት ጎንበስ አሉና መብራቱን አዩት። ወዲያው ዓይናቸውን በክንዳቸው ከለሉ። ከዚያ የኤሌክትሪክ ሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ ጠየቁኝ። የራሳቸውን ሥራ በጥፍራቸው ልጠው፣ ወረቀቱን እኔ ዘርግቼላቸው፣ ጥቁሩን ናስትሮ ሥዕሉ እንዳለው አድርገው ለጠፉት።

ሲገቡ ፊታቸው ርሷል።

«መቼ አየሽው?»

«ወደቡ ላይ።»

«ምነው ዝም አልሽ?»

«እርስዎን ላለማሳፈር።»

ቀበቷቸውን አሰሩና ወደ መንገዱ አዩ። «እኔን ላለማሳፈር ስንቱን አሳወርን፣ ልጄ?»

ከዚያ በኋላ ማንም መብራት አላበለጨለጨብንም፤ እኛም አልተነጋገርንም። በማለዳው ሕፃኗን ታቅፌ፣ ስለ እሷ ሆኜ ሰይጣንን ስክድ ድምፄ ተቆራረጠ። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው «ጎላ አድርገሽ በይው» አሉኝ፤ ያኔ መታረቃችን ገባኝ። ነፍሳቸውን ይማር።

ሳራን የግድ ነው አልኳት። ወረቀቱን ከባልሽ ጋር አንብቡ፣ ከተሳሳተ እዚያው ንገሪው፣ ቢቆጣም ይቆጣ አልኳት። ሳቀችብኝ። ይሉኝታን ጨዋነት ብለን ነው ያደግነው፤ እኔም አሁን ድረስ ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም። የዚያች ትንሽ መኪና ሰው ግን ወንድ ይሁን ሴት፣ በደኅና ቤቱ ይግባ አይግባ አላወቅሁም። ስለዚህ ለሕሙማንና ለሙታን ከለመንኩ በኋላ፣ ያን ቀን ከፊታችን ለመጡት ሰዎች አንድ አቡነ ዘበሰማያት እጨምራለሁ።